የሉማሜ በግ ሱፍ የለውም

ሱፍ የፈለገ ሰው ወደ መንዝ ይወጣል እንጂ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም አይገባም። በጎጃም የሚረባው በግ፣ አጥኚዎች ዋሸራ የሚሉት ዝርያ፣ ገላው ላይ የተኛ አጭር ጠጉር እንጂ መቀስ የሚገባበት ሱፍ የለውም። ሰውነቱ ትልቅ ነው፤ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አያበቅሉም። ለሥጋ ይወደዳል። ለካልሲ ግን አይሆንም።

ይህን እያወቅሁ ጎጃም፣ ሉማሜ የሄድኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ኖርዌይ ትኖራለች። እዚያ ካልሲ ሲገዙ የሚያዩት ልስላሴውንና መልኩን ብቻ አይደለም፤ ሱፉ የተሸለተበት በግ በምን አያያዝ እንዳደገ የሚናገር ወረቀትም ተንጠልጥሎበታል። «በግ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው፣ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው አገር በግ እንዴት እንደኖረ አነባለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። «የእኛው በግ ምን ጎደለውና ነው ካልሲ የማይሆነው? እስቲ የሚያምርና የሚመች ነገር ፈልግልኝ።» እናቷ ሉማሜ ናቸው። ልጠይቃቸው ካሰብኩ ቆይቶ ስለነበር ካልሲውን ሰበብ አድርጌ ተነሳሁ። መንገዱ እንደ ዛሬው ማስጋት ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሰላሌ ላይ አውቶቡሳችን ቆዳ የጫነ አይሱዙ ተከትሎ ረጅም መንገድ አዘገመ። ሽታው በመስኮት ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላ ሸፈነ፤ እኔ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ግማሹ እዚያ መኪና ላይ እንዳለ ታሰበኝ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በውጭ ነጋዴዎች ዘንድ በሰላሌ ስም ይታወቃል፤ ተፈላጊ ያደረገውም ሱፍ አልባነቱ ነው። ሱፋም በግ ቆዳው ውስጥ የጠጉር ሥር ይበዛል፣ በመካከሉም ስብ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲለፋ ይላላል፣ የላይኛው ገጽ ከታችኛው ይላቀቃል። አጭር ጠጉር ያለው የእኛ በግ ቆዳ ግን የታመቀ ነው፤ ስስ ሆኖ አይቀደድም። ለጓንት ተስማሚ የሆነውም ለዚህ ነው። ፒታርድስ የተባለው የእንግሊዝ ቆዳ አልፊ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት ከኢትዮጵያ ቆዳ ሲገዛ ኖሯል፤ በኋላም እዚሁ አገር ፋብሪካ ይዞ ጓንት አሠርቷል። ጎልፍ ሜዳ ላይ የሚጠለቀው ስስ ጓንት በአብዛኛው የእንዲህ ያለ በግ ቆዳ ነው። በጋችን ለሰው አገር እጅ ሆኗል፤ ለአገሩ እግር የሆነበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ ያለውን ቁልቁለት ሁሉም ጽፎታልና አልመለስበትም። በጃፓን ርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻገርን፤ ደጀን ወጣን፤ የትኖራን አለፍን። ቆላው ላይ ያወለቅነውን ሹራብ መልሰን የለበስነው ደጀን ነበር።

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈው አስፋልት መካከሏን ሰንጥቋት ይሄዳል፤ በግራና በቀኝ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና የእህል መጋዘን ተደርድሯል፤ ከሱቆቹ ጀርባ ጥቂት እንደተራመዱ የጤፍ ማሳ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሳም ሳም ካደረጉኝ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ለእግር ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?» አሉ።

«ለእርስዎም ብዬ ነው እንጂ።»

«ኋላ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ፊት የመጣው ካልሲው ነው» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ልጃቸው ጤነኛ መሆኗን፣ ከዚያ ብርዱ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያ ደግሞ በምን ዓይነት ጫማ እንደምትሄድ ጠየቁኝ። እናት ናቸው።

የአክስቴ በጎች አራት ናቸው፤ ሦስት እናቶችና አንድ ጠቦት። ሌሊት ጅብ ስለሚያሰጋ የሚያድሩት ቤት ውስጥ፣ በእንጨት በተከለለው ጋጣ ነው። ጠዋት የልጅ ልጃቸው ከሌሎች የሰፈር ከብቶች ጋር ወደ ግጦሽ ይነዳቸዋል፤ ትምህርት ባለበት ቀን ተራው የጎረቤት ልጅ ነው። ማታ ጠላ ከተጠመቀ አተላ ይጠጣሉ፤ በበጋ የጓያና የባቄላ ገለባ ይጨመርላቸዋል፤ አልፎ አልፎ ጨው ይልሳሉ። ልጁ እያንዳንዳቸውን በስም ይጠራቸዋል፤ ይመጡለታልም። ኖርዌይ ካልሲ ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር እዚህ ጋጣ ውስጥ ያለ ማንም መርማሪ ተሟልቷል፤ በጉ ይሰማራል፣ ከመንጋው አይለይም፣ ጠባቂው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አቁሜ አገሬን ላመሰግን እችል ነበር፤ ነገር ግን ሌላውንም አይቻለሁ። ግጦሹ ጠባብ ነው፤ ጤፉና ባሕር ዛፉ በየዓመቱ እየገፋው ነው። ረግረጉ ላይ የሚግጥ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ውሻ ከሚያስተላልፈው ትል የሚመጣው አዙሪት ደግሞ ራሱን እያዞረ ይጥለዋል። ሙክት ለማድረግ በእንጨት መቀጥቀጥ ዛሬም አለ። የእንስሳት ክሊኒኮች ቡርዲዞ በሚባለው መቆንጠጫ ቆዳውን ሳይቆርጡ የሚሠሩት ዘዴ አለ፤ ገበሬው ግን ክሊኒክ ድረስ ከመሄድ የለመደውን ይመርጣል። ይህን የበግ ስቃይ «ባህላችን ነው» ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም።

ሆኖም የሱፍ አገር በግ የሚደርስበትን ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ሜሪኖ የሚባለው በግ ዛሬ የዓለም ምርጥ ካልሲ የሚሠራበት ነው። ሱፍ እንዲበዛለት ሲሉ አርቢዎች ቆዳው የተጨማደደውን እየመረጡ አዳቀሉት፤ ቆዳው በበዛ ቁጥር ሱፉም በዛ። በጭምድድታው መካከል ግን እርጥበትና እድፍ ይቀራል፤ ዝንብ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ትሉ በቁሙ ይበላዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ሙልስ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መፍትሔ አመጣ፤ የግልገሉን የመቀመጫ ቆዳ በመቀስ ቆርጦ ማንሳት፣ ጠባሳው ጠጉር እንዳያበቅል። ድርጊቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኒውዚላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. በሕግ ከለከለችው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃላፊነት ሱፍ መለኪያ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምልክትም ይህ የተደረገበትን በግ ሱፍ አይቀበልም። እንግዲህ ያ ካልሲ ላይ ያለው ወረቀት በግማሹ የሚመሰክረው ሰው ራሱ ያመጣው ጣጣ አለመኖሩን ነው። ዋሸራ ሱፍ ስለሌለው ጣጣውም አልደረሰበትም። ማንም ለእግሩ ብሎ ቆዳውን አላጨማደደበትም።

በገበያው ቀን የበግ ተራ ገባሁ። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ሽመል የተደገፈ ገበሬ አንድ ቀይ ጠቦት በገመድ ይዞ ቆሟል። ከጀርባው ላይ ጠጉሩን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁት።

«ምን ትፈልግበታለህ?» አለኝ።

«ሱፍ አለው ወይ ብዬ ነው።»

«ይህን ሸልተህ ከምታገኘው የእኔ ጢም ይበልጥሃል» አለና አጠገቡ ያሉትን ሁሉ አሳቀብኝ። ከዚያ ግን ቁም ነገር ነገረኝ፤ ጠጉራም በግ ከፈለግሁ ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ ሥር መሄድ እንዳለብኝ፣ ከዚያ የሚመጡት ሰዎች ጥቁር ባና ለብሰው እንደሚወርዱ። «እኛ ብርድ ቢበዛብን ጋቢ እንደርባለን እንጂ እግር ማልበስ አናውቅበትም» አለ። እውነቱን ነው። ዙሪያዬን ሳይ ከቁምጣው በታች ያለው እግር አብዛኛው ያለ ካልሲ ነው፤ ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ ተጫምቷል። ካልሲ ያደረጉት ወጣቶች ናቸው፤ የኳስ ተጫዋች ካልሲ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ፣ የሚወዱት የእንግሊዝ ቡድን ቀለም ያለበት። ከአረንጓዴው ቁምጣ ጋር ያምራል፤ ፋሽን ማለት ይኸው ነው ብዬ ተቀበልኩ።

የካልሲ መደብ ላይ «ሱፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወፍራም ጥንድ አገኘሁ። ገዝቼ አንዱን ክር መዝዤ ላይተር ስለኩስ ሻጩ ልጅ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ሊያደርጉት ነው የገዙት ወይስ ሊያቃጥሉት?»

መለያው ቀላል ነው። የበግ ጠጉር እሳት ሲነካው የተቃጠለ የሰው ጠጉር ይሸታል፤ ነበልባሉን ሲያርቁት ይጠፋል፤ አመዱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የፋብሪካ ክር ግን ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ሲበርድ ደረቅ እንክብል ሆኖ ይቀራል። የኔው እንክብል ሆነ። ልጁ እንክብሉን በጥፍሩ እያንኳኳ «ታዲያ ይህ ሁሉ ናይለን ነው?» አለና መደቡን በሙሉ በጥርጣሬ አየው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ሳያቀዘቅዝ ይይዛል፤ ናይለን ግን ላቡን ለእግር ይተወዋል፤ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ውጤቱን ሽታው ይናገራል።

ከገበያው ስወጣ እግራቸው ያበጠ ሴት መንገድ ዳር ድንች ሲሸጡ አየሁ። ጎጃም ውስጥ ስለ እግር ሲጻፍ ይህን አልፎ መሄድ አይቻልም። ዝሆኔ የሚባለው ይህ በሽታ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም አያመጣውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ በተፈጥሮው ተጋላጭ ከሆነ፣ የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣት በቆዳው ሰርጎ የእግሩን የሊምፍ መስመሮች ያቆስልበታል። ነገሩን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ያብራራው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ተገምቷል፤ የጎጃም ደጋም ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰው ግን የዘር ርግማን ነው ብሎ ጋብቻ ይከለክልበታል።

የሉማሜ ጎረቤት በሆነው በአነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሟል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ እግርን በሥርዓት መታጠብ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ወዲያው የተሰጣቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል የሕመሙ ትኩሳትና ንዳድ ሲነሳባቸው፣ ያልተሰጣቸው 24 ጊዜ ያህል ተነሳባቸው። ልዩነቱ አምስት ነው። ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ሰውየው ለቀናት እንደሚተኛ፣ ማሳው እንደሚጠብቀው ሳስብ ቀላል ቁጥር አልሆነልኝም። የአክስቴ ልጅ በጉ እንዴት ኖረ ብላ ስትጠይቅ፣ በጉን የሚከተለው እግር እንዴት እንደኖረ የሚነግራት ወረቀት የለም።

አክስቴ ይህን ሳወራ ዝም ብለው ቆዩና «ድንች የምትሸጠዋን አውቃታለሁ፤ አሁን ጫማ አላት፤ ደኅና ነች» አሉ። ከዚያ ወደ ካልሲው መለሱኝ። «ሱፉን ብቻ አምጣ፤ የሚሠራ ሰው እዚህ አለ።»

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ከጮቄ ሥር ያለች የስናን ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ጤፉ ለገብስና ለድንች ቦታውን ይለቃል፤ በጎቹም ጠጉራቸው እየረዘመ ይሄዳል። ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ጥቁር ጠጉር በእንዝርት የሚፈትሉ እናት አገኘሁ። ባለቤታቸው ሸማኔ ናቸው፤ ባና ይሠራሉ። ባና ለብሶ ያደረ ሰው ሙቀቱንም ክብደቱንም አይረሳም፤ ሲነካ ግን ይኮሰኩሳል። የሚያስከፋው ሱፍነቱ ሳይሆን የጠጉሩ ውፍረት ነው። ከ30 ማይክሮን የሚወፍር ጠጉር ጫፉ ቆዳ ሲነካ ሳይታጠፍ ይወጋል፤ ሜሪኖ ከ24 ማይክሮን አይበልጥምና ይታጠፋል።

ይህን ለመለወጥ በመንግሥት ደረጃ ተሞክሯል። በ1944 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ሜሪኖ መጣ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሪዴል፣ ሮምኒና ሃምፕሻየር ከኬንያ ገብተው ደብረ ብርሃን የበግ ማዳቀያ ጣቢያ ተከፈተ፤ ዓላማው ከመንዝ በግ ጋር አዳቅሎ ሱፍም ሥጋም ማግኘት ነበር። ገበሬው ግን ላት የሌለውን ዲቃላ እያየ «ይህ በግ ነው?» አለ፤ መኖውንም አልቻለም። የመንዝ ሱፍ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ወደ ባናና ወደ ዝተት መሄዱን ቀጠለ። እኔ በገበሬው አልፈርድም። ላቱ የበዓል ዋጋው ነው።

«እማማ፣ ለእግር የሚሆን ለስላሳ ከየት ይገኛል?» አልኳቸው።

«የጠቦት ጠጉር ነዋ፣ የመጀመሪያው ሽልት» አሉኝ። «እሱንም ዝም ብለህ አትፈትለውም።» ከጆንያ ውስጥ ጥቂት አወጡና በሁለት ጣታቸው እየመዘዙ ረጃጅሙን፣ ደረቁን ጠጉር ለብቻ ጣሉት፤ ሥሩ ላይ የቀረው አጭርና ለስላሳ ነበር። ጠጉሩ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ በእጅ ይበጠራል፣ በደጋን ይነደፋል። እሳቸው ለባና ሲሆን ይህን ለቀማ አያደርጉም፤ የሚከፍል የለማ። ለቅመው እንዲፈትሉልኝ ተስማማንና ክሩ ሲደርስ በሚያውቁት ሾፌር ላኩልኝ።

ሉማሜ ያለችው ሠራተኛ የተማሪ ሹራብ በእጅ ማሽን የምትሠራ ወጣት ናት። ካልሲ ሠርታ አታውቅም። ቆብ ግን ትሠራለች፤ በሰሜን ተራሮችም እረኞች ለእንግዳ የሚሸጡት የሱፍ ቆብ አለ። በእጅ ሥራ ደንብ ቆብና ካልሲ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ነው። ልዩነቱ ተረከዝ ነው። ተረከዝ ላይ ክሩ ዙሩን አቋርጦ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ ዓይኑ ይቀንሳል፣ እንደገና ይጨምራል። ማሽኑን ትታ በመርፌ ሞከረችው፤ የመጀመሪያውን ፈታችው፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ተረከዝ ሆነ።

አደረግሁት። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጥሩ ነበር፤ ጣቶቼ መካከል ግን ትንሽ ይበላል።

«ጋሼ፣ እግሩን በጥጥ ልሥራው፤ ሱፉ ከተረከዝ ወደ ላይ ይሁን» አለች። ነጭ የጥጥ ፈትል አመጣች፤ ከጥቁሩ ሱፍ ጋር ገጠመችው። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ እኔ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ዕውቀት ሁሉ እዚያ አልደረሰም። ጥቁሩ ወደ ላይ እስከ ባት፣ ነጩ ጫማ ውስጥ። መልኩንም አክስቴ ወደዱት።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ልጅቷ እስክሪብቶ አነሳች። የእሷ ሥራ ጥቂት ምሽት ነው፤ የሮብ ገበያዋ እናት ለቀማና ፈትል ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። «እሳቸው ከእኔ በላይ ማግኘት አለባቸው» አለችና ቁጥሩን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ድምሩ ሉማሜ ገበያ ላይ ሰው የሚስቅበት፣ ኖርዌይ ግን ማንም የማይደነቅበት ሆነ። ፎቶውንና ዋጋውን ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት፤ ሦስት ጥንድ አዘዘች። ያለው ክር ለአንድ ነው የሚበቃው። የቀሩት ሁለት ጥንዶች ጠቦቶቹ እስኪሸለቱ ይቆያሉ፤ ያም ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ፣ ጠጉሩን አጥቦ የሚያደርቅ ፀሐይ ሲገኝ ነው።